መተኛቱ ብቻ ሳይሆን መነሣቱም ይታሰብበት
ስለ አውቶማቲክ የዝናብ መለኪያዎች ያለን አስተያየት

በደብረ ማርቆስ ዙሪያና ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጡት ወረዳዎች ስለ ጤፍ መዝሪያ ወይም ስለ ዩሪያ መጨመሪያ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የሚመሠረተው በዝናብ መዝገብ ላይ ነው። በደምበጫ አጠገብ በአንጀኒ በ1976 ዓ.ም. የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የዝናብና የጎርፍ መዝገብ ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚጠቀሙበት ሊሆን የበቃው፣ ሰው በቦታው እየተገኘ ስለ ለካና ስለ ጻፈ ነው።

ዛሬ በሰው ፈንታ ራሱን ችሎ የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በየቦታው እየተተከለ ነው። ይህን አንቃወምም። የምንቃወመው የመሣሪያውን አመራረጥ ነው። ገዢም ሆነ ሠሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሲተኛ ስንት ኃይል ይበላል?» ብሎ ነው። «ኃይሉ አልቆ እንደገና ሲመለስ ራሱ ይነሣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን ሲነሣ አይሰማም።

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። በውስጡ ያለችው ሁለት ጎን ያላት ትንሽ ማንኪያ ብዙውን ጊዜ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሞላች ቁጥር ትገለበጣለች። ስትገለበጥ የያዘችው ማግኔት አንድ ማብሪያ ይዘጋል፤ ማይክሮ ኮንትሮለር የሚባለው ትንሽ አንጎል ከሸለብታው ይነቃል፣ አንድ ብሎ ይቆጥራል፣ ተመልሶም ይተኛል። ኃይሉን የሚያገኘው በፀሐይ ሰሌዳ ከሚሞላ ባትሪ ነው። በበጋ ይህ ሁሉ ያለ ችግር ይሠራል።

ችግሩ የሚመጣው በክረምት፣ ማለትም መሣሪያው በተተከለበት ወራት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ፀሐይን ሲከለክል ባትሪው በአንድ ጊዜ አይሞትም፤ ቮልቱ ቀን በቀን ቀስ እያለ ይወርዳል። ማይክሮ ኮንትሮለሩ ለመሥራት ከሚበቃውና ጨርሶ ከሚያጠፋው ቮልት መካከል በሚደርስበት ጊዜ ሞተ ወይም አለ ለማለት ያስቸግራል። ትእዛዝ ያሳስታል፣ የተመዘገበውን ሊያበላሽም ይችላል። ፀሐይ ወጥታ ቮልቱ ሲመለስም እንደ ደነዘዘ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ የልማት ሠራተኛው ወደ ቦታው ወጥቶ ሽቦውን ነቅሎ መልሶ ቢሰካው ይሠራል። ነገር ግን ጭቃው እስኪደርቅ ወደዚያ የሚወጣ ሰው ከየት ይገኛል?

ከዚህ የከፋው ደግሞ የመዝገቡ ዝምታ ነው። ያልቆጠረው ቀን በሠንጠረዡ ላይ 0 ተብሎ ከተጻፈ፣ ቢሮ ተቀምጦ የሚያነብ ባለሙያ ዝናብ እንደ ተቋረጠ ይቆጥረዋል። ማሳው በውኃ ተኝቶ ሳለ «ዝናብ ጠፍቷልና ማዳበሪያ አትጨምሩ» የሚል ምክር ሊወጣ ነው። ስለዚህ ዝናብ አለመዝነቡና መሣሪያው አለመለካቱ በመዝገቡ ላይ ተለይተው መታየት አለባቸው። መሣሪያው በተነሣ ቁጥር መቼ እንደ ወደቀና መቼ እንደ ተነሣ ራሱ ይጻፍ። ለዚህም ሰዓቱ ከዋናው ባትሪ ተለይቶ በራሱ ትንሽ 3 ቮልት ባትሪ መሄድ ይኖርበታል። አለዚያ የነሐሴው ዝናብ ከብዙ ዓመት በፊት እንደ ዘነበ ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። በብዙ ማይክሮ ኮንትሮለሮች ውስጥ ቮልት ከተወሰነው በታች ሲወርድ ሥራውን በሙሉ አስቁሞ፣ ሲመለስ ከመጀመሪያው የሚያስጀምር ጠባቂ አለ። ሠሪዎች ግን ኃይል ለመቆጠብ ሲሉ ይህን ጠባቂ ያጠፉታል። እስቲ ሂሳቡን እንመልከት። ጠባቂው 20 ማይክሮ አምፔር ቢበላ በቀን ግማሽ ሚሊ አምፔር ሰዓት እንኳ አይሞላም። በገበያ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ያለ ሥራ ቢቀመጥ ራሱ በራሱ የሚያፈሰው ከዚህ ይበልጣል። በዚያው መሣሪያ ላይ ግን ሬጉሌተር የሚባለው ተራ የቮልት መመጠኛ ብቻውን 5 ሚሊ አምፔር ያህል ሲበላ ማንም አይናገረውም። ይህ በቀን 120 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ካልተገኘ ባትሪውን በ58 ቀን ይጨርሰዋል። ከሰኔ መጨረሻ ቢጀምር ነሐሴ ሳያልቅ ማለት ነው። ቁጠባው እዚህ ላይ መሆን ሲገባው ከጠባቂው ላይ ይነጠቃል።

አንዳንዶች ትልቅ ባትሪ ይጨመር ይላሉ። ትልቅ ባትሪ የመውደቂያውን ቀን ያዘገያል እንጂ መነሻውን አያስተካክልም። እንዲያውም ቮልቱ ይበልጥ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ በዚያ አደገኛ መካከል የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። የሊቲየም ባትሪ ለማስገባት የሚያስቡም በጮቄ ከፍታ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደውን ውርጭ ያስቡ፤ ተራው የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሲሞላ ይጎዳል።

አነሣሡም ሥርዓት ይፈልጋል። ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ወጥታ ባትሪው እፎይ እንዳለ መሣሪያው ቸኩሎ የሞባይል መልእክት መላኪያውን ከከፈተ፣ መላኪያው ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ስለሚስብ ቮልቱ ወዲያው ይወድቃል። መሣሪያው ይጠፋል፣ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይወድቃል፤ የተገኘችው ፀሐይ ሁሉ በዚህ ታልቃለች። በመሆኑም የሚጠፋበትና የሚነሣበት ቮልት አንድ መሆን የለበትም። ለምሳሌ በ11.5 ቢጠፋ፣ 12.5 ሳይደርስ አይነሣ። ሲነሣም አስቀድሞ ዝናብ መቁጠሩን ይጀምር፤ መልእክት መላክ የመጨረሻ ሥራው ይሁን። እኛን የሚጠቅመን የተቆጠረው ዝናብ ነው፤ መልእክቱ ሳምንት ቢዘገይ ብዙ አይጎዳም።

እንግዲህ ይህን መሣሪያ ለመግዛት ወይም ለማሠራት ያሰበ መሥሪያ ቤት ከመረከቡ በፊት እንዲፈትነው እናሳስባለን። ማብሪያውን ቶሎ ዘግቶ መክፈት ፈተና አይባልም፤ ያንን ሁሉም ያልፋል። ቮልቱ ሊለዋወጥ ከሚችል የኃይል ምንጭ ጋር አገናኝቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ እያሉ እስከ 0 አውርዶ፣ እንዲሁ ቀስ እያሉ መመለስ ነው። ይህም መቶ ጊዜ ይደጋገም፤ በየጊዜውም ማንኪያዋን አሥር ጊዜ ገልብጦ አሥር መቆጠሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። መቶ ጊዜ ሰው ቆሞ እንዲያወርድ አንልም፤ ይህን የሚሠራ ቀላል ሰርኪዩት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲህ ያለ ሥራ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚያንስ አይመስለን። ሥራው ከጥር ቢጀመር መሣሪያው ተፈትኖ በግንቦት ይተከላል።