ምድር የምታበድረው ሙቀት



በታኅሣሥ ሌሊት ወደ ምንጭ የወረደ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ሳለ ከምንጩ ላይ እንፋሎት ይነሣል፤ ውኃውም ለእጅ ሞቅ ይላል። ያው ምንጭ በግንቦት ቀትር ሲቀዳ ቀዝቃዛ ነው። የተለወጠው ግን አየሩ እንጂ ውኃው አይደለም። ከመሬት በታች ጥቂት ሜትሮች ሲወረድ የቀንና የሌሊት፣ የበጋና የክረምት ልዩነት እየደከመ ይሄዳል፤ አፈሩም ዓመቱን ሙሉ ከአገሩ አየር የዓመት አማካይ ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ይዞ ይኖራል። አባቶቻችን ዋሻን በዓት ሲያደርጉ የሻቱት ጸጥታን ቢሆንም፣ ሥጋቸው ከዚህ የምድር ጠባይ መጠለያ አግኝቷል።

ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ያስፈለገን ያለ ምክንያት አይደለም። ከተሳላሚዎቻችን ብዙዎቹ የመንን ተሻግረው በጂዛን፣ በአል አሪዳ፣ በአል ኹባና በሌሎች የሳዑዲ ዓረቢያ ደቡባዊ የጠረፍ ከተሞች የሚኖሩ ልጆችና ወንድሞች አሏቸው። እነዚህ ልጆች በብዙ ድካም ካገኙት ላይ ከፍለው ለገዳም ስጦታ ሲያስቡ፣ የአረጋውያን መነኮሳት ብርድ ቀድሞ ይታያቸዋል። በላብና በሥጋት የተገኘ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል ማሰብ ደግሞ የእኛ የተቀባዮቹ ግዴታ ነው።

በቀዝቃዛ አገሮች ትናንሽ ቤቶችን ለማሞቅ ከተለመዱት መሣሪያዎች አንዱ የምድርን ሙቀት የሚስብ የሙቀት ፓምፕ ነው። ሐሳቡን ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሳይንቲስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1852 ገልጾት ነበር፤ ዛሬ በስዊድን እጅግ ብዙ መኖሪያ ቤቶች ይሞቁበታል። አሠራሩ የምግብ ማቀዝቀዣን ይመስላል። ማቀዝቀዣው ከውስጡ ሙቀት እየሳበ ከኋላው ወደ ክፍሉ እንደሚያወጣ፣ ይህም ከአፈር ሙቀት እየሳበ ወደ ቤት ያስገባል። ቧንቧው አንድ ወይም ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ ይዘረጋል፤ አለዚያም 100 ሜትርና ከዚያ በላይ በሚወርድ ጉድጓድ ይቀበራል። በደንብ የተሠራ እንደ ሆነ፣ ለ1 እጅ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ3 እስከ 4 እጅ ሙቀት ይሰጣል፤ ትርፉ ምድር ያበደረችው ነው።

ብድር ያልነው በምክንያት ነው። ምድር እንደ ጎተራ ናት። በስዊድን ክረምት የወጣውን ሙቀት የበጋው ፀሐይ ይተካዋል። በጂዛን ጠረፍ ግን የዓመቱ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አፈሩም ከዚያ የሚርቅ አይደለም። በዚያ የሚኖሩ ልጆቻችን የሚቸገሩት በብርድ ሳይሆን በወበቅ ነው። መሣሪያውን ገልብጦ የቤቱን ሙቀት ወደ መሬት መስደድ ይቻላል፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚከተት፣ ምንም የማይወጣለት ጎተራ መሙላቱ አይቀርም፤ አፈሩ ከዓመት ዓመት እየሞቀ መሣሪያውም እየደከመ ይሄዳል። በአል ኹባና በአል አሪዳ አካባቢ ፍል ውኃዎች መኖራቸውም ሌላ ነገር ነው፤ ያ ከጥልቅ ምድር የሚመጣ ሙቀት ነው፣ ሕዝቡም እንደ እኛ ጠበል ፈላጊዎች ለመፈወስ ይታጠብበታል። የአገሩ የቀድሞ ሰዎች የመረጡት ሌላ መንገድ ነበር፤ በባሕሩ ሜዳ የእኛን ጎጆ የሚመስል ክብ የሣር ቤት፣ በፈይፋ ተራራ ደግሞ የድንጋይ ቤት ሠሩ። ሁለቱም የቆሙበትን ምድር አይተው ሠሩ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ደጋ እንመለስ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አገር፣ የምድሩ ሙቀት መሣሪያውን ለማሠራት ይበቃል። የሚከብደው ቁፋሮው ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እርሱ ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት ፓምፑ ይቆማል፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያም በቅርብ አይገኝም። ደግሞም የእኛ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው፤ ቀን ፀሐይ አለች። ለአንዲት በዓት ጉድጓድ ማስቆፈር ለአንድ ቁና እህል ጎተራ እንደ መሥራት ነው። ብዙ ክፍሎች ያሉት አዲስ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ገዳም፣ አስተማማኝ መብራት ካለው፣ ከመሠረቱ ቁፋሮ ጋር አብሮ ሊያስበው ይችላል። ለነበሩት በዓቶች ግን ስጦታው በሌላ ነገር ላይ ቢውል እንመክራለን፦ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማልበስ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በጭድ በተቦካ ጭቃ መድፈን፣ በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለችና መስኮትን በደቡብ በኩል ማውጣት፣ ለአረጋውያንም ባናና ጋቢ መጨመር።

ይህን ስንል ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ማስጠንቀቂያ ሳንናገር ብናልፍ በደል ይሆንብናል። ስንጥቁ በተደፈነ ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ይዞ መተኛት ሞት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ አየር ቀለምም ሽታም የለውም። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስል እንኳ መውጣቱን አያቆምም። ራስ ይወቅራል፣ ያጥወለውላል፣ ያደክማል፤ የተኛው ሰው ግን ሳይነቃ ይቀራል። የሳዑዲ ዓረቢያ ሲቪል መከላከያም በየክረምቱ ስለዚሁ ነገር ሕዝቡን ያስጠነቅቃል። ስለዚህ በፈይፋና በሌሎች የጠረፍ ተራሮች፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ብዙ ሆነው ለሚያድሩ ልጆቻችሁ ስትደውሉ ይህን ንገሯቸው፤ ሌሊቱ ቢበርድም እሳቱን ከደጅ ይተዉት። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበትን ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ሳይዘገዩም ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

በእንግዳ ማረፊያችን የምታድሩ ተሳላሚዎችም፣ ለብቻቸው የሚያድሩ አባቶችና እናቶችም፣ ከሰላችሁን ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ እንድታወጡ በትሕትና እንለምናለን። በብርድ ለሚቸገር አረጋዊ ሙቅ ውኃ በኮዳ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግሩ ሥር ማኖር ይሻላል፤ እርሱ አይገድልም። በሩን አንኳክቶ እንዴት አደሩ ማለትም የሁላችን የማለዳ ሥራ ይሁን።

በስደት ያሉትን በሰላም ይመልስልን፤ የቅዱሳን አባቶቻችን በረከት አይለየን። አሜን።