ስለ ነፍሳት እርባታና ስለ ዶሮ መኖ ዋጋ

ነፍሳትን አርብቶ ለእንስሳት መኖ፥ አልፎም ለሰው ምግብ ማድረግ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ የሰማ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ፈገግታው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሐሳቡን የሚያቀርቡልን ሰዎች ዘወትር ከገበታ ይጀምራሉና። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ነፍሳትን የሚመገበው የዓለም ሕዝብ ብዙ መሆኑን ቢገልጥም፥ ያገራችን ሰው በመሶቡ ላይ ትል ይቀበላል ብሎ የሚጠብቅ ገበያውን አያውቅም። ስለዚህ ገበታውን ትተን ወደ ዶሮዋ እንሂድ፤ ዶሮ ትል ለመብላት ምክር አያሻትም።

ደግሞም ሥራው ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ንብም ከነፍሳት ወገን ናትና፥ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነ አገር በዚህ ሙያ ጀማሪ ነው ሊባል አይችልም።

ዶሮ አርቢ ከሚያወጣው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው ለመኖ ነው። በቆሎውን ሰው ይፈልገዋል፤ ፕሮቲን የሚሰጡትን አኩሪ አተርንና የኑግ ፋጉሎን ደግሞ ከብት አድላቢውም ይሻማል። ዋጋው በናረ ቁጥር አስቀድማ በረቷን የምትዘጋው ሠላሳና ሃምሳ ዶሮ ይዛ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ናት፤ ባለ ብዙ ሺው ግን ጭማሪውን በእንቁላሉ ላይ አክሎ ይሰነብታል።

ሊቃውንቱ «ጥቁር ወታደር ዝንብ» የሚሏት ፍጥረት ለዚህ መፍትሔ ሆና ቀርባለች። ምግብ ፍለጋ እንደ ቤት ዝንብ ከማዕድ ወደ ማዕድ አትዞርም። እጯ ግን የአትክልትና የምግብ ውዳቂ እየበላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይደልባል፤ ሲደርቅም ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ጥናት ማዕከል ይህን እርባታ በጎረቤታችን በኬንያ ሲያስተምር ቆይቷል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ከ1000 ኪሎ ርጥብ ውዳቂ የሚገኘው 200 ኪሎ ያህል ትኩስ እጭ ነው፤ ይኸው ሲደርቅ አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ውዳቂውን በገንዘብ የሚገዛ፥ ወይም በካሚዮን ሩቅ የሚያጓጉዝ ሰው አስቀድሞ ከስሯል። በዚህም ላይ እጩ 27 እና 28 ዲግሪ ሙቀት ስለሚሻ የአዲስ አበባ ብርድ አይስማማውም፤ በማሞቂያ ልርዳው የሚል የኤሌክትሪኩን ሂሳብ ያስብ። ቢሾፍቱና አዳማ ይሻላሉ፤ ደንበኞቹም ዶሮ አርቢዎቹ እዚያው አሉ፤ የየከተማው ሆቴልም የየራሱ ውዳቂ አለው።

የቢራ ፋብሪካ አተላ ለዚህ ይሁን የሚሉ አሉ። አተላውን ግን ላም ትበላዋለች። ከላም ነጥቆ ለዝንብ መስጠት ንግድ ሊሆን ይችላል፤ ለአገር ግን ትርፍ አይጨምርም። በፈረንሳይ አገር በአሚዬን አጠገብ ታላቅ ፋብሪካ ያቆመው ኢንሴክት የተባለው ኩባንያ ብዙ ካፒታል ካፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ደርሷል። እርሱ የሚያረባው ትል የሚቀለበው በስንዴ ፉርሽካ ነበር፤ ፉርሽካ ደግሞ ራሱ መኖ ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ገንዘቡ ያለው በዝንቧ ላይ ሳይሆን በባልዲው ላይ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ማለቃቸውን ማንም አልረሳውም፤ ዛሬም ሙዝ ልጣጩና የባትሪ ድንጋዩ በአንድ ጆንያ ይጣላል። እጩ ካድሚየም የተባለውን መርዛም ማዕድን በሰውነቱ ስለሚያከማች፥ ከእንዲህ ያለ ጆንያ የተቀለበ እጭ ለዶሮ፥ ከዶሮዋም ለእንቁላል በላተኛ አይበጅም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 የነፍሳት ፕሮቲን ለዶሮና ለዐሣማ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፥ እጩ የወጥ ቤት ትርፍራፊ እንዳይበላ መከልከሉን ያጸናው ያለ ነገር አይደለም። እኛ ክልከላውን እንዳለ ብንቀዳ ሥራው ሳይጀመር ይቀራል፤ ፈጽሞ ብንተወውም የመጀመሪያው የተበላሸ ጆንያ ገበያውን ይዘጋዋል። የሚያስፈልገው በምንጩ የተለየ ውዳቂ ብቻ እንዲገባ የሚያዝ፥ በየጊዜውም በላቦራቶሪ የሚመረመር ደረጃ ነው።

ንግድ ምክር ቤቱ የሆቴል ባለቤቶችን፥ የአትክልት ጅምላ ነጋዴዎችንና የመኖ ፋብሪካዎችን ቢሰበስብ፥ የመጀመሪያው አጀንዳ ዝንብ መሆን የለበትም፤ ሁለት ባልዲ ማን ይግዛ፥ በየስንት ሰዓቱስ ይነሣ የሚለው ነው። ርጥቡ ውዳቂ በክረምት ቶሎ ስለሚበላሽ፥ ውሉ ከሰኔ በፊት መፈረም ይኖርበታል።