ቀለሙ ከድስት ወይስ ከብልቃጥ?

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከቦርሳዋ አንድ ብልቃጥ አውጥታ አሳየችኝ። በውስጡ ያለው እንክብል ከካሮትና ከእርድ ቀለም የተሠራ መሆኑን፣ ቦርጭ እንደሚያጠፋና የጉልበት ሕመም እንደሚያስታግስ ሻጩ ነግሯታል። የከፈለችበት ገንዘብ ለቤቷ የአንድ ወር አትክልት ይሸምት ነበር። እናንተም ይህን የመሰለ ነገር ግዙ ተብላችሁ ይሆናልና በጉዳዩ ላይ ጥቂት እንነጋገር።

ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። እጃችን ሲቆረጥ ቁስሉ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ይህ መቆጣት ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት ዘዴ ሲሆን ቁስሉ ሲሽር አብሮ ይበርዳል። ከመጠን በላይ በወፈረ ሰው ዘንድ ግን በተለይ በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጮማ አይደለም፤ መቆጣትን የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከእነዚህ አንዱን በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ አግኝተውታል። ይህ ዝግ ያለ መቆጣት ሕመም ሳይሰማ ለዓመታት ሲቆይ ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም መንገድ ይጠርጋል።

ካሮትን ብርቱካንማ፣ ቲማቲምን ቀይ፣ እርድን ቢጫ ያደረጉት ቀለሞች ይህን መቆጣት ለማብረድ እንደሚያግዙ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ እገዛው መጠነኛ ነው። ክብደት በመቀነስ በኩልማ ከዚያም ያነሰ ነው። አትክልት የሚያዘወትር ሰው የሚቀለው በአብዛኛው አትክልቱ ሆድ እየሞላ ካሎሪው ጥቂት በመሆኑ ነው።

ወደ ብልቃጡ እንመለስ። ካሮትና የመሳሰሉትን የሚያዘወትሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የሚያዙት በቁጥር አነስ ያሉ መሆናቸው ከታወቀ በኋላ፣ በፊንላንድ ከ29 ሺህ በላይ ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶች የተካፈሉበት ጥናት ተደረገ። ለከፊሎቹ ቤታ ካሮቲን የተባለው የካሮት ቀለም በቀን 20 ሚሊግራም በእንክብል ይሰጣቸው ነበር። የተጠበቀው መልካም ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ግን እንክብሉን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ በልጦ መገኘቱን የሚገልጽ ነበር። በአሜሪካም ተመሳሳይ ጥናት በ1996 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ከቤታችሁ የሚያጨስ ሰው ካለ ይህን አስታውሱ። የእርድ እንክብልም ቢሆን የአንዳንድ ሰዎችን ጉበት እንደጎዳ ተመዝግቧል። ለአልጫ በጣት የምንቆነጥረው እርድ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው የለም።

ይልቅስ ትልቁ ጉዳይ ያለው ከድስቱ ላይ ነው። የወጥ ጠብታ ነጠላችሁ ላይ ሲያርፍ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም፤ የበርበሬው ቀለም የሚሟሟው በዘይት ነውና። በወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ ዘይት ይኸው ነው። የካሮት፣ የዱባና የቲማቲም ቀለም፣ እንዲሁም በጎመን አረንጓዴ ውስጥ የተሸፈነው ቢጫ ቀለም ጠባያቸው አንድ ነው፤ ጥቂት ቅባት ካላገኙ አብዛኛው ሳይዋሃደን ያልፋል። ስለዚህ ካሮትንና ቲማቲምን በመጠኑ አብስሎ መብላት ጥሬውን ከመብላት ይልቅ ቀለሙን ለሰውነት ያቀርባል።

ቀይ ሥርና ቀይ ጥቅል ጎመን ግን ተቃራኒ ናቸው፤ ቀለማቸው ወደ ውሃ ይሄዳል። ቀይ ሥሩን ልጣችሁና ከትፋችሁ ከቀቀላችሁ በኋላ ውሃውን ስትደፉ የምትደፉት ቀለሙን ነው። ከነልጣጩ ቀቅሎ ኋላ መላጥ ይሻላል። (በማግስቱ ሽንት ቀላ ብሎ ቢታይ አትደንግጡ፣ የቀይ ሥሩ ነው።)

እንግዲህ ዘይት ቀለሙን ያወጣል ብለን ያለ ልክ ካፈሰስን ያው ወደ ውፍረቱ መመለሳችን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ያህል ካሎሪ አለው፤ ለቀለሙ ግን ለአንድ ሰው በአንድ ማዕድ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። የጾም ነው ተብሎ በዘይት የሚዋኘው ሽሮ ከሥጋ ወጥ የማይተናነስ ካሎሪ ሊኖረው እንደሚችል ብዙዎቻችን ልብ አንልም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ድንች በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ከሥራ ደክሞ ለሚመለስ ሰው ይህን ማሟላት ቀላል አይደለም። ሆኖም እሑድ የተቀቀለ ቀይ ሥር እስከ ረቡዕ በማቀዝቀዣ ይቆያል፣ ጎመንም በደቃቁ ከተከተፈ ብዙ እሳት አይፈልግም።

ባልደረባዬ የደም ግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ፣ ብልቃጡን ለሐኪሟ ሳታሳይ አንድም እንክብል እንዳትውጥ ነገርኳት። ሐሙስ ዕለት ለምሳ የዱባ ወጥ ይዛ መጥታ አብረን በላን፤ ዘይቱ ግን አሁንም በዝቷል።