በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፤ የተከላካይ ጠበቃ ልምድስ?

አምቦ የምዕራብ ሸዋ ዞን መቀመጫ እንደመሆኗ፣ ከጉደር፣ ከግንጪ፣ ከጌዶና ከባኮ አካባቢ የሚነሡ ከባድ የወንጀል ክሶች መዳረሻ ናት። ከእነዚህ ክሶች መካከል የገጠሩን ቤተሰብ ክፉኛ የሚጎዳው በእርሻ ድንበር፣ በግጦሽ ወይም ሰብል ውስጥ በገባ ከብት ሳቢያ ተጀምሮ በሰው ሕይወት መጥፋት የሚያበቃ ጠብ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሁሉንም ግድያ በአንድ ዓይን አያይም። አንቀጽ 540 ታስቦ ለተፈጸመ ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እሥራት ይደነግጋል። አንቀጽ 541 ግን ድርጊቱ የሕጋዊ መከላከልን ወሰን በማለፍ ወይም በከባድ ትንኮሳ በተቀሰቀሰ ስሜት የተፈጸመ ከሆነ፣ ቅጣቱን ከ5 ዓመት ወደማይበልጥ ቀላል እሥራት ያወርደዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ መሬት መታረሱን ወይም ጦም ማደሩን የሚወስን ነው።

ፍርዱን የሚለየው ማስረጃ ነው። ማስረጃውን ፈትሾ፣ የዐቃቤ ሕግን ምስክሮች በመስቀለኛ ጥያቄ መርምሮ፣ ጠቡ እንዴት እንደተጀመረ ለችሎቱ የሚያስረዳው ደግሞ ተከላካይ ጠበቃው ነው። ስለሆነም የጠበቃው የኋላ ታሪክ የተከሳሹ ዕጣ አካል ይሆናል።

ወደ ሙያው የሚገባበት መንገድ የተለያየ ነው። ከዳኝነት የመጣ ጠበቃ ችሎት ማስረጃን እንዴት እንደሚመዝን ያውቃል። ዐቃቤ ሕግ የነበረ የምርመራ መዝገብ የሚላላበትን ቦታ ይለያል። ከሕግ ትምህርት ቤት በቅርቡ የወጣ ወጣት ለአዳዲስ ሕጎችና ለሰበር ውሳኔዎች ቅርብ ሊሆን ይችላል፤ ምስክርን መመርመር ግን በብዛት የሚለመደው በችሎት ነው። የጥብቅና ፈቃድ ይህን ልዩነት አያሳይም። በውርስና በመሬት ክርክር የኖረ ጠበቃ የግድያ መዝገብ ለመያዝ ሌላ ፈቃድ አይጠየቅም።

አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የመብቱ ዋጋ ግን ጠበቃው ለመዝገቡ በሚሰጠው ጊዜ ይለካል። ደንበኛውን መጀመሪያ የሚያገኘው በችሎቱ ደጃፍ ላይ ከሆነ፣ የረጅም ዓመት ልምዱም ብዙ አይፈይድም።

ቋንቋም ሊዘነጋ አይገባም። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ክርክሩ በአፋን ኦሮሞ ይካሄዳል። ጉዳዩ አዲስ አበባ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከታየ ግን ክርክሩ በአማርኛ ይሆናል፤ የጠበቃው ፈቃድም በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይፈቅዳል። ሆኖም አስተርጓሚ በችሎት የተነገረውን ያሻግራል እንጂ፣ በማረፊያ ቤት ሳይጠየቅ የቀረውን ታሪክ አይተካም።

ስለዚህ ቤተሰብ ከክፍያው በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ጠበቃው የግድያ መዝገብ ይዞ ያውቃል? መዝገቡን መቼ ያነባል? ታሳሪውን ከቀጠሮው በፊት ያነጋግረዋል? ተከላካይ ጠበቃ የሚመድበው አካልም ከባድ ክስን ለጀማሪ ብቻውን ከመተው፣ ልምድ ካለው ጋር ቢያጣምር ተከሳሹም ጀማሪውም ይጠቀማሉ። ገበሬው በሬ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ፣ ጫንቃውን ዳስሶ ነው። ዓመታት እሥር ለሚያስከትል ጉዳይ ጠበቃ ሲይዝም ያንኑ ያህል መጠየቅ መብቱ ነው።