አስተማማኝ መጸዳጃ ቤት የቱ ነው?

ስለ መጸዳጃ ቤት በግልጽ መናገር ነውር የሚመስላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በዚህም ምክንያት አንድ ቤተ ሰብ ስለሚገዛው አልጋ ለሳምንት ሲመክር፣ ያረጀው መጸዳጃ ቤት በሌላ ሲተካ ግን ጉዳዩ በአንድ ሰው ፈቃድና በአንድ ቀን ገበያ ያልቃል። የእኔ አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። መጸዳጃ ቤት ሕፃኑም አረጋዊውም፣ ጤነኛውም ሕመምተኛውም በየቀኑ የሚገለገሉበት ስለ ሆነ ምርጫው ምክር ያሻዋል። የምክሩም መነሻ «የትኛው ያምራል?» የሚለው ሳይሆን «በክፉ ቀን እንኳ የሚያገለግለን የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ሊሆን ይገባል።

የማውቀው አንድ ቤተ ሰብ የእንጨት ወለሉ የበሰበሰውን አሮጌ ጉድጓድ ትቶ፣ ከነውሃ ማጠራቀሚያው ነጭ የሴራሚክ መቀመጫ ገዝቶ አስተከለ። ጎረቤትም አደነቀ። ይሁን እንጂ በዚያ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነበርና ብዙ ሳይቆይ የአዲሱ ክፍል በር ተቆለፈ፤ የሚከፈተውም ለእንግዳ ብቻ ሆነ። ልጆቹ ወደዚያው ወደሚያስፈራው አሮጌ ወለል ተመለሱ። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ይህን ስል የሴራሚኩን መቀመጫ መንቀፌ አይደለም። ለአረጋውያንና ለሕመምተኞች ይመቻል፤ በአንገቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃም ሽታን ያግዳል። ነገር ግን ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን አስሉ። በአንድ ጊዜ 6 ሊትር ውሃ የሚለቅ ማጠራቀሚያ ብትመርጡ፣ 6 ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን 5 ጊዜ ቢገለገሉበት 180 ሊትር ይፈጃል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ዘጠኝ ጊዜ ተሞልቶ መምጣት አለበት ማለት ነው። ቧንቧው በደረቀ ቀን ይህን ሁሉ የሚቀዳው ማን ነው? ብዙ ጊዜ እኅታችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። የጥናታችሁ ሰዓት በውሃ መንገድ ላይ ያልቃል።

ውሃው ጥቂት ቢሆንም ጨርሶ ለማይጠፋበት ቤት ሁለተኛ ምርጫ አለ። ይህም ቁጢጥ ተብሎ የሚገለገሉበት፣ ውሃ በእጅ የሚደፋበት መቀመጫ ነው። የታጠፈ አንገት ስላለው ሽታንና ዝንብን ያግዳል፤ በአንድ ጊዜ የሚበቃውም ከ2 እስከ 3 ሊትር ነው። ስለዚህ ለዚያው ቤተ ሰብ በቀን ከ5 ጀሪካን የማይበልጥ ውሃ ይበቃል፤ ልብስ የታጠበበት ውሃም ያገለግላል።

ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳበት ቤት ግን እኔ የምመርጠው በሚገባ የተሠራውን፣ የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለውን ደረቅ ጉድጓድ ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር ተጠንቶ የተስፋፋ ነው። ነፋስ በቱቦው አናት ላይ ሲያልፍ ከጉድጓዱ ውስጥ አየር ይስባል፤ ሽታውም ከጣሪያ በላይ ይወጣል። በጉድጓዱ ውስጥ የተፈለፈሉት ዝንቦች ብርሃን ተከትለው በቱቦው ሲወጡ፣ አፉ ላይ በተወጠረው ወንፊት ተይዘው ይሞታሉ። እንዲህ የሚሆነው ግን ክፍሉ ጨለም ያለ ከሆነና አየር የሚገባበት የወለሉ ቀዳዳ በጥብቅ ካልተደፈነ ብቻ ነው። ወለሉም በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ይሁን፤ ውሃ አይመጥምና ይታጠባል፣ እንደ እንጨትም አይበሰብስም።

«ጉድጓድ ኋላ ቀርነት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ኋላ ቀርነቱ ግን በጉድጓዱ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነው። የተቆለፈ ነጭ መቀመጫ ማንንም ከበሽታ አያድንም። ንጹሕ ጉድጓድ ግን ሰገራን ከዝንብና ከምግብ ይለያል፤ በአጠገቡ ውሃና ሳሙና ሲኖር ደግሞ ጥቅሙ ምሉእ ይሆናል።

ሆኖም ጉድጓድ በሁሉም ስፍራ አይሆንም። ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና ከእርሱ በታች ባለው ተዳፋት ላይ መቆፈር አለበት፤ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታም ጠልቆ አይቆፈርም። መቼ እንደሚሞላም አስቀድማችሁ ገምቱ። ለአንድ ሰው በዓመት 60 ሊትር ያህል ቢታሰብ፣ ለ6 ሰዎች 360 ሊትር ይሆናል። ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ጉድጓድ፣ ከላይ ግማሽ ሜትር ሲተውለት 2,500 ሊትር ስለሚይዝ ሰባት ዓመት ያህል ያገለግላል። በጠባብ ግቢ ሌላ የሚቆፈርበት ቦታ ስለማይኖር፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና በአጠገቡ መድረሱን አረጋግጡ። ውሃው በማይቋረጥበት፣ የፍሳሽ መስመርም በተዘረጋበት ሰፈር ግን በውሃ የሚለቀቀውን መምረጥ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ቤታችሁ መጸዳጃውን ሊለውጥ ሲነሣ ዝም አትበሉ። ስንት ሰው ይገለገልበታል? ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሲሞላ በምን ይነሣል? አያታችሁስ በሌሊት ያለ ረዳት ሊገለገሉበት ይችላሉን? እነዚህን በትሕትና ጠይቁ፤ ሒሳቡንም ጽፋችሁ ለወላጆቻችሁ አሳዩ። አስተማማኝ መጸዳጃ ቤት እንግዳ የሚያደንቀው ሳይሆን፣ ቤተ ሰቡ በየዕለቱ ያለ ፍርሃትና ያለ ችግር የሚገለገልበት ነው።

መልመጃ

1. ጸሐፊው የተቃዋሚዎቻቸውን ሐሳብ በየትኛው አንቀጽ አነሡ? እንዴትስ መለሱ?
2. «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለታሪኩ ተስማሚ ነውን? ምክንያታችሁን ስጡ።
3. በአካባቢያችሁ ካለው የውሃ ሁኔታ በመነሣት፣ የጸሐፊውን አስተያየት የሚደግፍ ወይም የሚቃወም ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።