ለእህቶች የሚሆን መጽሐፍ

ለአንዲት ክርስቲያን ሴት መጽሐፍ ምረጡላት ሲባል እጃችን ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ስለ ትዳር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ባልን በጸሎት ስለ መመለስ። ልብ ወለድ ከተገኘም አልቃሻ ነው፤ የተበደለች ልጅ ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ታለቅሳለች፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ንስሐ ትገባለች ወይም ታገባለች፣ አንዳንዴም ሁለቱን በአንድ ቅዳሜ። የሚያስቅ መንፈሳዊ ልብ ወለድ ጠቁሙኝ ያለች ግን ግራ የተጋባ ፊት አይታ ትመለሳለች። ለእህቶች ሳቅ ምን ይጠቅማል?

ዱከም ሄዶ መጠየቅ ነው። በጥሬ ሥጋዋ የምትታወቀው ከተማ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ከተተከለባት፣ በተለይም ሁዋጂየን የተባለው የቻይና ጫማ ፋብሪካ በ2012 እ.ኤ.አ. ማምረት ከጀመረባት ወዲህ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ፈረቃ የሚገቡባት ሆናለች። አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ይከራያሉ። አንዷ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፤ ሌላዋ የጾም ጸሎት የያዘችው ማክሰኞ ነው፤ ሦስተኛዋ ከሌሊት ፈረቃ መጥታ ጋደም ስትል አራተኛዋ ለመዝሙር ልምምድ ድምፅዋን ታሟሙቃለች። ድስቱ አንድ ነው፤ ቅቤ ነክቶታል አልነካውም የሚለው ክርክር ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። ለዚህች ልጅ ከሥራ ስትወጣ የምናቀብላት ግን ባልን ስለ መያዝ የሚመክር መጽሐፍ ነው። ባሉ ገና የለም።

ሳቅን የሚፈሩ ሰዎች ቶሎ የሚጠቅሱት ኤፌሶን 5፥4ን ነው፤ ጳውሎስ ዋዛን ከልክሏል ይላሉ። ጳውሎስ ዋዛን የጠቀሰው ግን ከሚያሳፍር ነገር ጋር ደርቦ ነው፤ የብልግና ወሬን እንጂ ጨዋታን ሁሉ አላወገዘም። ደግሞስ ቃሉ ለወንድም ለሴትም የተጻፈ ሆኖ ሳለ፣ ሰባኪው መድረክ ላይ ቆሞ በሚስቱ የገበያ አመል ጉባኤውን ሲያስቅ ጥቅሱን የሚያነሣበት የለም። ያንኑ ቀልድ ሚስቲቱ ስለ እሱ ብትጽፈው ‘ቀለል ያለች’ ትባላለች። ክልከላው የሚሠራው ብዕሩ በሴት እጅ ሲሆን ነው።

ምሳሌ 31ን ለሴቶች ያልሰበከ ማን አለ? ሱፍ መፈለጓ፣ በሌሊት መነሣቷ፣ መብራቷ አለመጥፋቱ አንድ በአንድ ይተነተናል። ቁጥር 25 ላይ ስለ መጪው ዘመን እንደምትስቅ ተጽፏል፤ እዚያ ሲደርስ ሰባኪው ይፈጥናል። ሣራም በዘፍጥረት 18 ልጅ እንደምትወልድ ሲነገር በድንኳኑ ደጃፍ ሆና ስቃለች። ለምን ሳቀች ሲባል ካደች፤ እግዚአብሔርም መሳቋን አስረግጦ ነገራት፤ በዚህ አበቃ፤ ልጁን አልነሣትም። የእኔ ምርጫ ግን የሐዋርያት ሥራ 12 ነው። ጴጥሮስ ከእስር ወጥቶ በር ያንኳኳል። ውስጥ ያሉት ስለ እሱ በጸሎት ተጠምደዋል። ሮዴ የምትባል ገረድ ድምፁን ለይታ፣ ከደስታዋ የተነሣ በሩን ሳትከፍት ወደ ውስጥ ትሮጣለች። የሚጸልዩት ሰዎች ‘አብደሻል’ ይሏታል። የጸሎታቸው መልስ ውጭ ቆሞ ማንኳኳቱን ቀጥሏል። በዚያ ቤት ትክክል የነበረችው አገልጋይቱ ብቻ ናት፤ ታሪኩ ግን ሲሰበክ ስለ ሰንሰለቱና ስለ መልአኩ ነው።

በእኛም ቤት ቅድስናና ጨዋታ ተጣልተው አያውቁም። አለቃ ገብረ ሐና የተክሌን አቋቋም ያፈለቁ ሊቅ ናቸው፤ ሕዝቡ በቀልዳቸው ቢያስታውሳቸው ሊቅነታቸው አልቀነሰም። ባለቤታቸው ማዘንጊያም በየቀልዱ አለች። እሷ ራሷ ስትተርክ የሰማ ግን የለም።

ወንጌላውያኑም ቢሆኑ የራሳቸውን ታሪክ ቢያገላብጡ አስቴር ጋኖን ያገኟታል። በባርነት ልትሸጥ ወደ ዓረብ ምድር ስትጫን በ1886 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጥታ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች፣ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር በ1899 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የደከመች ሴት ናት። ይህች የቅዱሱ መጽሐፍ ሠራተኛ እንቆቅልሹን፣ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑን ከአፏ ወደ ወረቀት አውርዳ በ1894 እ.ኤ.አ. ለታተመው የጀማሪዎች ማንበቢያ አበርክታለች። ተረትና እንቆቅልሽ ነፍስን ያደነዝዛል ብላ አልተወችውም። ዱከም ላይ ኦሮምኛ የምታነብ ልጅ የዚህ ውርስ ባለቤት ናት።

ሌላው ዓለም በዚህ ብዙ ሄዷል። እንግሊዛዊቷ ባርባራ ፒም በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ‘ኤክሰለንት ዊመን’ ልብ ወለድ፣ ተራኪዋ ሚልድረድ የቄስ ልጅ ናት፣ አላገባችም፣ ለደብሩ ትላላካለች፤ ችግር የገጠመው ሁሉ ሻይ አፍልታ እንድታጽናናው ይጠብቃል። እሷም ታፈላለች፤ እያፈላች ሁሉንም ታያቸዋለች። ምክር የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያንን አይሰድብም። እንዲህ ያለች ሚልድረድ በየደብራችንና በየአዳራሹ አለች፤ የመዘምራኑን ዩኒፎርም ቀለም ለመምረጥ ሦስት ስብሰባ የተቀመጠችዋ እሷ ናት።

የእሷ ታሪክ በአማርኛ እስኪጻፍ ድረስ፣ ጠቁም ለሚሉኝ የሐዋርያት ሥራ 12ን፣ ዘፍጥረት 18ን፣ እንግሊዝኛ ለምታነብም ፒምን እላለሁ። በአማርኛ የተጻፈ ልብ ወለድ ልጨምርበት አልቻልኩም። ጥፋቱን በጸሐፊዎች ላይ አልጥልም፤ በየሴቶች ጉባኤው በር ላይ የሚሸጠውን የሚመርጡ ሰዎች ረቂቅ ይዛ የመጣችን ልጅ ‘መልእክቱ ምንድን ነው?’ እያሉ ይመልሷታል። መጀመሪያ አንዱን ምዕራፍ ያንብቡትና ሳቃቸው ያመልጣቸው እንደሆነ ይዩ።