ሙያ በልብ?

ባለፈው ገና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከሜሪላንድ መጥቶ ሊጠይቀኝ ቤቴ ጎራ አለ። ሥነ ጽሑፉን ትቶ ዛሬ በኮምፒዩተር ሥራ ነው የሚተዳደረው። አልፈርድበትም፤ እኔም ማስተማሩን ትቼዋለሁ። ለበዓሉ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ታላቅ እህቴ ጠላ ቀዳችለት። አንዴ ጎንጨት አለና ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ መልኩን አየ። «መምህር፣ እኔም እኮ ጠማቂ ሆኛለሁ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ቢራ አወራ። ስለ መጠጣቱ ሳይሆን ስለ መጥመቁ። አሜሪካ ውስጥ ቢራ እቤቱ የሚጠምቅ ሰው ሞልቷል። ጀማሪው የሚነሣው ከብቅል ሽሮፕ ነው። የብቅሉን ስኳር ፋብሪካ አውጥቶ፣ እንደ ማር አወፍሮ፣ በቆርቆሮ አሽጎ ይሸጥለታል። እሱ ውሃና ሆፕስ ጨምሮ ያፈላዋል፣ ሲበርድ እርሾ ይነሰንስበታል፣ አለቀ። ልቡ የደፈረ ግን አንድ ቀን ሽሮፑን ትቶ ከእህሉ ይጀምራል። የተከካውን ብቅል 67 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዝፈዋል። ስታርቹ ወደ ስኳር ሲለወጥ አጥልሎ፣ አሠሩን በሙቅ ውሃ አጥቦ፣ ጣፋጩን ውሃ ያወጣል። ያቺ ሙሉ በሙሉ ከእህል የተጠመቀች የመጀመሪያ ቢራ ለጠማቂዎቹ እንደ በኩር ልጅ ናት። ሁሉም ያስታውሳታል። ሁለት ጠማቂዎች ሲገናኙ እሷን ሳያነሡ አይለያዩም።

የኔም ሰው ተረከልኝ። አምስት ኪሎ ብቅል፣ አሥራ ዘጠኝ ሊትር ቢራ። ውሃው ከልክ በላይ ሞቀበት፤ በረዶ ጨመረ። በረደበት፤ የፈላ ጨመረ። ብቅሉ እንደ ገንፎ ረግቶ አልወርድ አለው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሚስቱ ብትነሣ የኩሽናው ወለል ተጣብቆ ጫማዋን ያዘባት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲቀምሰው ግን «መምህር፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ» አለኝ። ደስታው ተጋባብኝ። ሰው በእጁ የሠራውን ነገር እንዲህ ሲወድ ማየት ደስ ይላል።

እህቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ቆይታ ኖሮ «ብቅሉን ራስህ ነህ ያበቀልከው?» አለችው።

«አይ እትዬ፣ ብቅሉማ ተዘጋጅቶ ይሸጣል።»

«እርሾውስ?»

«እሱም በፓኬት ይሸጣል።»

ጥቂት አሰበችና፣ አንዳች ክፋት በሌለበት ድምፅ፣ «ታዲያ ምኑን ነው ከእህል የጀመርከው?» አለችው።

ሣቅን። እሱም ከልቡ ሣቀ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ሣቁ እኔ ጉሮሮ ላይ ቆመ። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የዚህችን ሴት እጅ ስበላና ስጠጣ ኖሬ፣ «የመጀመሪያ ጠላሽ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። የሜሪላንዱን ሰው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አፌን ከፍቼ ሰማሁት። ጠየቅኋት።

«ምን ያደርግልሃል?» አለች። ቀጥላ ግን ነገረችኝ። 

አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናታችን አራስ ናት፤ የወለደችውም እኔን ነው። ለክርስትናዬ ጠላ መጠመቅ አለበት፤ ከእህቴ ሌላ እጅ የለም። እናቴ ከመኝታዋ ሆና በቃል ታዛለች፣ ልጅቷ ትሠራለች። ገብሱን ነክራ፣ አውጥታ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፈነችው። የደብረ ብርሃን ብርድ ብቅል ያለግማል። በአምስተኛው ቀን አልበቅል ሲላት ወደ ምድጃው አስጠጋችው፤ አንደኛው ጎኑ ሻገተ። እናቷ እንዳታይ የሻገተውን ለቅማ ደፋችው። የተረፈውን አስጥታ አስፈጨች። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ አጠነች። ጌሾውን ወቅጣ ጠነሰሰች። ቂጣውን ጋግራ ፈርፍራ ጨመረች። አሻሮውን እየቆላች ሳለ ግን ሕፃኑ አለቀሰ፤ እሱን ላባብል ብላ ገባ ስትል አሻሮው ከሰለ። ሌላ ገብስ አልነበረም። ያንኑ ፈጭታ ደፈደፈችው።

በክርስትናው ቀን የክርስትና አባቴ የመጀመሪያውን ዋንጫ ቀምሰው «ይቺ ጠላ ማን ሞቶባት ነው እንዲህ ጥቁር የለበሰችው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሣቀ። እናቴ ከመጋረጃው ኋላ ሆና «የጠመቀችው ልጄ ናት፤ ጠጡ!» አለች። ጠጡ። ቅራሪው ሳይቀር አለቀ።

«ከዚያ ወዲህ አሻሮ አሳርሬ አላውቅም» ብላ ወሬውን ዘጋችው።

እንግዲህ ሁለቱን ትረካዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም ጋ ሙቀቱ አስቸግሯል፣ ሁለቱም ጋ ነገሩ ሊበላሽ ደርሶ ተርፏል። የአንደኛዋ ጠማቂ ግን ቴርሞሜትር አልነበራትም፣ መጽሐፍ አልነበራትም፣ ደግሞ ለመሞከር ሁለተኛ ገብስም አልነበራትም። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን ደግሞ ያለቅሳል። ታዲያ የማንኛቸው ታሪክ ነው ሰሚ ያገኘው?

የኛ ሰው ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፦ «ሙያ በልብ ነው» ይላል። ይህ አባባል ጨዋ ይመስላል፤ ባለሙያ አይፎክርም ለማለት ነው። እኔ ግን እያደር የምጠረጥረው አባባል ሆኗል። ሙያው በልብ ይሁን ያልነው ለማን ነው? ሐኪሙ ሙያውን በልቡ ይዞ አይቀርም፤ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። መሐንዲሱ በወረቀቱ ላይ ማኅተም ይመታል። እኔም ያለችኝን ዲግሪ በመስታወት አስገብቼ ሳሎን ሰቅያታለሁ። በልብ እንዲቀር የተፈረደበት የሴቷ ሙያ ብቻ ነው። ልቧ ሲያርፍ ሙያው አብሮ ይቀበራል፤ ለቀስተኛውም «ባለሙያ ነበረች» ብሎ ንፍሮውን ዘግኖ ይሄዳል።

«ባለሙያ» የምትለዋን ቃል ራሷን ተመልከቱ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለሙያ ሲባል የሥራ መደብ ነው፤ ደረጃ፣ ደመወዝና የጡረታ መዋጮ አለው። ቤት ውስጥ ባለሙያ ሲባል ምርቃት ነው። ምርቃት ደግሞ ገበያ ወጥቶ ጤፍ አይገዛም።

እኔ ለመፍረድ የምበቃ ሰው አይደለሁም። አባታችን ቀድመው ስላረፉ እናቴና እህቴ እኔን ያስተማሩኝ ጠላ ሸጠው ነው። ደብተሬም ጫማዬም ከዚያ ጋን የወጡ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቅጽ ሰጡኝ፤ «የእናት ሥራ» የሚል ባዶ ቦታ ነበረበት። «የቤት እመቤት» ብዬ ሞላሁ። «ጠላ ሻጭ» ብዬ ብጽፍ ማንም አያባርረኝም ነበር። አፍሬ ነው። ሌሎችም እንደኔ የሞሉ እንደነበሩ ከዓመታት በኋላ፣ ብርጭቆ ሲደጋገም፣ ተናዘውልኛል። አንድ ትውልድ ምሁር በጠላ ገንዘብ ተምሮ፣ በአንዲት መስመር ጠላውን ካደ።

ክህደቱ በዚያ አላበቃም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የቃል ግጥም ሰብስበው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን አማክሬያለሁ። ጠላ ቤት ገብተው የጠጪውን ዘፈን፣ የጠጪውን ቀልድ፣ የጠጪውን ፉከራ በካሴት ቀድተው ይመጡ ነበር። ከጓዳ ያለችውን ሴትዮ ግን አንድም ተማሪ አልቀዳም፤ እኔም ቅዱ አላልኩም። ቋንቋችን እኮ ከሷ ጋን ነው የሚጨለፈው! ሐሳብ ሲጀመር «ጥንስስ» እንላለን፤ ክፉ ሰውም ሴራ የሚጠነስሰው በሷ ቃል ነው። ከምድር የወጣውን ያልተጣራ ነዳጅ «ድፍድፍ ነዳጅ» ብለን ስንሰይም ቃሉን ያበደረችን እሷ ናት። መሳደብ ሲያምረን ደግሞ «አተላ» እንላለን። ቃሏን ወሰድን፣ ስሟን ግን አልጠየቅንም።

ሱመሮች በዚህ ይበልጡናል። ኒንካሲ ለምትባል የቢራ አምላካቸው የደረሱት መዝሙር ወደ 3,800 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ሸክላ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። መዝሙር ይባል እንጂ ጠመቃውን ደረጃ በደረጃ የሚናገር ነው። ሚጌል ሲቪል የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ተረጎሙት፤ በ1989 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ የነበረው አንከር ቢራ ፋብሪካ እሱን መመሪያ አድርጎ የገብስ ዳቦ ጋግሮ ቢራ ጠመቀ። ሊቃውንት ተሰብስበው «ከዳቦ የሚጠመቅ ቢራ እንዴት ያለ ይሆን?» ብለው ሲመራመሩ፣ እህቴ ደብረ ብርሃን ቂጣዋን ፈርፍራ ጋኗ ውስጥ ትጨምር ነበር። እሷን ለመጠየቅ ሸክላ መቆፈር አያስፈልግም። የአንድ መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የአውቶቡስ መንገድ ነው።

«ታዲያ ቢጻፍ ምን ሊፈይድ?» የሚለኝ አይጠፋም። አሜሪካኖቹ ዘንድ የሆነውን ልንገረው። እቤት ቢራ መጥመቅ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በፌዴራል ሕግ አልተፈቀደም ነበር። ፕሬዚዳንት ካርተር ሕጉን የፈረሙት በ1978 ሲሆን በተከታዩ ዓመት ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ የጓዳው ዕውቀት አደባባይ ወጣ፤ ማኅበር መሠረቱ፣ መጽሐፍ ጻፉ፣ ያበላሹትን ሳይቀር ተነጋገሩበት። እቤቱ ይጠምቅ የነበረው ኬን ግሮስማን ሴራ ኔቫዳን አቋቁሞ ከአገሪቱ ስመ ጥር ቢራ ፋብሪካዎች አንዱ አደረገው። ከኩሽና ወደ ፋብሪካ የሚወስድ መንገድ ተጠረገ ማለት ነው።

እኛ ጋስ? ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ከተመሠረተበት ከ1922 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፋብሪካው በዝቷል። ሐረርንና በደሌን እ.ኤ.አ. በ2011 ሄኒከን ገዛቸው። ደብረ ብርሃን ራሷ ቢራ ፋብሪካ ተተክሎባታል፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ቡርትማልት የተባለው የውጭ ኩባንያ የብቅል ፋብሪካ አስመርቆባታል። መጥላቴ አይደለም፤ ገበሬው ገብሱን ይሽጥ፣ ወጣቱ ሥራ ያግኝ። ነገር ግን ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ የገብሷን ዓይነት ብዛት የመዘገበላት አገር፣ ሴቶቿ በየጓዳው ብቅል የሚያበቅሉባት አገር፣ ለፋብሪካዎቿ ብቅል ለዓመታት በዶላር ስታስመጣ ኖራለች። ከጓዳው ወደ ፋብሪካው የሚወስድ መንገድ አለመኖሩ አንድም ቀን አላስገረመንም። ጓዳው ውስጥ ዕውቀት አለ ብለን ስለማናምን ነው።

ጠላ ስካር ነው፣ ጠላ ቤት ጠብ ነው የሚለኝን አውቀዋለሁ። ስካርማ በጠርሙስም ይገባል፤ ጠርሙሱ ግን በእንግሊዝኛ ስለተጻፈበት ዘመናዊ ስካር ሆነ። ጠላው እንከን አለበት ከተባለ አዎ፣ አለበት። ቶሎ ይሆመጥጣል፤ የዛሬው ከትናንቱ አይመሳሰልም፤ ለሽያጭ ሲባል የሚቻኮልበትም አለ። የሻገተ ብቅል ደግሞ ለጤና ጠንቅ ነው፤ እህቴ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ለቅማ የደፋችው ለዚህ ነው። እንከኑን ለማረም ግን መጀመሪያ ሙያተኛዋን አስቀምጦ «እንዴት ነው የምትሠሪው? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የናቁትን ነገር ማሻሻል አይቻልም።

ስለዚህ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ኮሚቴ ይቋቋም አልልም፤ ኮሚቴ ካቋቋምንለት ጠላው ይሆመጥጣል። እናታችሁ፣ አክስታችሁ፣ ታላቅ እህታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ስለ መጀመሪያ ጠላቸው ጠይቋቸው። «ምን ያደርግልሃል?» ይሏችኋል፤ አትመኗቸው፣ ቆዩ። ልክ ሲሏችሁ በስንት እፍኝ፣ «እስኪበቃው» ሲሏችሁ በምን እንደሚታወቅ ጠይቁ። ያሳረሩትንም እንዲነግሯችሁ አድርጉ፤ ሙያው ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ጻፉት። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ከጠጪው ጠረጴዛ አንሥታችሁ ወደ ጓዳው ላኳቸው።

እኔ ጀምሬያለሁ። እህቴ ስትናገር እጽፋለሁ፤ ስሳሳት ደብተሩን ቀና ብላ አይታ «እሱን ሰርዘው» ትለኛለች። ፊደል ያወቀችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሦስት ገጽ ሞልተን ገና ከብቅሉ አልወጣንም።

ያን ቅጽ ዛሬ መልሰው ቢሰጡኝ ባዶውን ቦታ እንዴት እንደምሞላው አውቃለሁ። የእናት ሥራ፦ ጠማቂ። «የእህት ሥራ» የሚል ቦታ አልነበረበትም እንጂ፣ እሱንም እሞላው ነበር።